የተፈጥሮ ማዕከል በጎ ፈቃደኞች፦ ሐምሌ ላይ ሞልተን ጥር ላይ የት እንገባለን?

ከእንጦጦ ግርጌ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም የመድረኩ ቤተሰቦች። ከሰፈሬ ልጆች ጋር ከከተማው ዳር፣ ከእንጦጦ ሰንሰለት ግርጌ ባለ አንድ የተፈጥሮ ማዕከል በበጎ ፈቃድ እሠራለሁ። ሰው የማስተባበሩ ነገር እኔ ላይ ስለወደቀ ነው የምጽፈው።

ሐምሌ ሲገባ ሰው አይቸግረንም። አረንጓዴ ዐሻራ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ችግኝ መትከልን የሁሉም ሰው ጉዳይ አድርጎታል። መሥሪያ ቤቱም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ባንኩም በአውቶቡስ ተጭኖ ይመጣል፤ ይተክላል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ይሄዳል። መስከረም ከጠባ በኋላ ያ ሁሉ ሰው የለም። ችግኙ ደግሞ ሰው በጣም የሚፈልገው ከዚያ ወዲህ ነው። ጥቅምት ላይ ዝናቡ ይቆማል፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ይመታዋል፣ ጥርና የካቲት አፈሩ ይሰነጠቃል። አብዛኛው ተካይ የተከለበትን ቦታ ዳግመኛ አያየውም።

ሰው ፍላጎት የለውም የሚለውን አላምንም። ደቦና ጅጌ ያለበት አገር ነው። የእድር ድንኳን ለመትከል በሌሊት የሚነሣ ሰው ለአንድ ጀሪካን ውሃ አይሰንፍም። መንገድ የሚዘጋ ነገር አለ፤ ምን እንደሆነ ከእናንተው መስማት እፈልጋለሁ። መጥታችሁ የቀራችሁ ለምን ቀራችሁ? መምጣት ፈልጋችሁ ያልመጣችሁስ ምን ያዛችሁ?

---

የአስኮዋ

መጥተው ከቀሩት አንዷ ነኝ። ምክንያቴ መንገዱ ነው።

እስከ ዋናው አስፋልት ታክሲ አለ። ከዚያ በኋላ ያለው ዳገት በእግር ነው። ግራና ቀኙ ባሕር ዛፍ ነው፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ዝር የሚል ሰው የለም። ጅቡን ተዉት፣ ጅብ ሲነጋ ይገባል። የምፈራው ሰውን ነው። እናቴ «ጫካ ውስጥ ብቻሽን ምን ልትሠሪ?» ስትለኝ መልስ አጣለሁ፣ ምክንያቱም እውነቷን ነው። ሴቶች ለምን አነሱ ብሎ የሚጠይቅ አስተባባሪ ካለ፣ መጀመሪያ ያንን ዳገት በማለዳ ብቻውን ይውጣው።

መገናኛው የማዕከሉ በር ሳይሆን የታክሲ መውረጃው ቢሆን፣ ሰዓቱ ከ1 ወደ 2 ተኩል ቢገፋ፣ ስንመለስም አንድ ላይ ብንወርድ እኔ በሚቀጥለው ቅዳሜ እመጣለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ማስታወቂያው ላይ ለሴቶች የሚቆለፍ ሽንት ቤት መኖር አለመኖሩን ጻፉት። ይህን ለመጠየቅ የምታፍር ብዙ ሴት አለች። ሳትጠይቅም ትቀራለች።

---

ከእንጦጦ ግርጌ

እህቴ፣ ልክ ነሽ። ሰዓቱን 1 ሰዓት ያደረግነው ፀሐይ ሳይከር ውሃ ለማጠጣት ብለን ነበር፤ ግማሹን ሰው የሚያስቀር ከሆነ ግን አይጠቅመንም። ማጠጣቱን ማለዳ የሚደርሱት የቅርብ ሰፈር ልጆች ይዘውት፣ ሌላው ሥራ ከ2 ተኩል ይጀምራል። መገናኛው የታክሲ መውረጃው ይሆናል። ሽንት ቤቱ አለ፣ ቁልፉ ችግኝ ጣቢያው ጋ ነው። ማስታወቂያው ላይ ይጻፋል።

---

የቡራዩ ልጅ

እኔ ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ ፈላጊ ነኝ። ከቡራዩ ለመምጣት ደርሶ መልስ ታክሲ አለ፣ ምሳ አለ፣ ጭቃ የሚችል ጫማ አለ። ያንኑ ቀን ግንባታ ቦታ ብውል ለቤት የሚሆን ይዤ እገባለሁ። እንደኔ ላለው ሰው ቅዳሜን በነጻ መስጠት ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለተኛ ምክንያት አለኝ። አንድ ቦታ፣ ስሙን ልተወው፣ ሰርተፊኬት ታገኛላችሁ ተብለን ስንቆፍር ከረምን። በኋላ ስንሰማ ያ ጉድጓድ ድሮ የቀን ሠራተኞች ተከፍሏቸው የሚቆፍሩት ነበር። እኛ ስንመጣ እነሱ ቀርተዋል። ከመካከላቸው አንዷን አውቃታለሁ፣ ሦስት ልጅ ነው የምታሳድገው። ከዚያ ወዲህ በጎ ፈቃድ የሚል ማስታወቂያ ሳይ ልቤ አይከፈትም።

---

ከእንጦጦ ግርጌ

ወንድሜ፣ እስካሁን ከተጻፈው ሁሉ ይህ ያሳሰበኝ ነው። በጎ ፈቃደኛ የማንንም እንጀራ መዝጋት የለበትም። እኛ ከማዕከሉ ጋር የተስማማነው ጉድጓድ ቁፋሮ፣ ጥበቃና ባሕር ዛፍ ቆረጣ የተቀጣሪዎቹ ሥራ ሆኖ እንዲቀር ነው፤ አንነካውም። የኛ ድርሻ በጀት የማይያዝለት ሥራ ነው፦ ኩትኳቶ፣ ሣር ማልበስ፣ ዘር ማዘጋጀት፣ ሕጻናትን ማስጎብኘት፣ የዛፎቹን ስም መጻፍ። ወደየትኛውም ቦታ የምትሄዱ ሁሉ ከመጀመራችሁ በፊት «ይህን ሥራ ከኛ በፊት ማን ይሠራው ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካላገኛችሁ አትጀምሩ።

ትራንስፖርቱን በተመለከተ፣ የሰፈራችን እድር ሥራ ለሌላቸው ወጣቶች የታክሲ ይሸፍናል። ብዙ ገንዘብ አይደለም፣ ግን በየወሩ ይሰጣል፤ የሚጠየቀውም በጉባኤ ፊት ሳይሆን ለጸሐፊው በጆሮ ነው። ምሳ ከየቤታችን ቋጥረን አንድ ላይ እንበላለን፣ ያልቋጠረም ይበላል።

ከሰርተፊኬት ይልቅ የሠራኸውን በዝርዝር የሚገልጽ ደብዳቤ ማዕከሉን ጠይቅ። የተሳትፎ ወረቀት ቀጣሪ አያነበውም። «የአገር በቀል ዘር ማዘጋጀት፣ መደብ ማውጣትና ማዛወር ይችላል» የሚል ደብዳቤ ግን በአካባቢያችን ለበዙት የግል ችግኝ ጣቢያዎች ትርጉም አለው።

---

የመደብ እናት

ልጄ አሳይቶኝ ነው ያነበብኩት። ችግኝ ጣቢያ ተቀጥሬ እሠራለሁ። በኛ በኩል ያለውንም ስሙልን።

ሰው በአንድ ጊዜ ሲበዛብን እንጨነቃለን። መቶ ሰው በሁለት አውቶቡስ ሲወርድ ለማን አሳይተን ለማን እንተው? ፕላስቲኩን ሳይቀድ ከነፕላስቲኩ የሚቀብር አለ። ሥሩ እዚያው ውስጥ ይጠመዘዛል፤ ዛፉ የያዘ መስሎ ይቆምና ከጊዜ በኋላ ይደርቃል። ጥፋቱ የተካዩ አይደለም፣ የሚያሳየው ሰው አጥቶ ነው። እኛን የሚጠቅመን አምስት ስድስት ሰው ሆኖ በየሳምንቱ የማይቀር ነው። ስሙን የማውቀው፣ የተወውን ሥራ የሚያስታውስ ሰው።

«ሙያው የለኝም» ብላችሁ የምትቀሩ፣ ሙያው እዚህ ነው የሚገኘው። የአገር በቀል ዛፍ ዘር እንደ ባሕር ዛፍ አይደለም። ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን ሲመጣ ሰው የወደደው ቶሎ ስለሚያድግ ነው፣ ቢቆረጥም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። የኛዎቹ ትዕግሥት ይፈልጋሉ። የጥቁር እንጨት ዘር ከዛፉ ከወረደ በኋላ ብዙ አይቆይም፤ ሥጋውን አጥበን ቶሎ ካልዘራነው ይሞታል። የወይራ ፍሬ ውስጡ እንደ ድንጋይ ነው፤ ዘሩን ሳይጎዱ ካልሰነጠቁት ለመብቀል ብዙ ይቆያል። የጽድ ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ነው፣ ፍሬ የምንለቅመው ከሴቷ። ይህ ሁሉ ጥላ ሥር ተቀምጦ እየተጨዋወቱ የሚሠራ የእጅ ሥራ ነው። ጉልበት አይጠይቅም፣ ቀስ ማለት ነው የሚጠይቀው።

የችግኙን የፕላስቲክ ቱቦ መሙላትም እንደዚያው። አፈሩን፣ ፍጉንና አሸዋውን ነፍተን እንቀላቅላለን። ቱቦውን ስትሞሉ መሀል ላይ እጥፋት ከያዘ ውሃው ከእጥፋቱ በታች አይወርድም፤ ላዩ ረጥቦ ታቹ ደረቅ ይሆናል፣ ችግኙም በምን እንደሞተ ሳታውቁ ይሞታል። ስለዚህ ግማሽ ሲደርስ መሬት ላይ ነካ ነካ ታደርጉታላችሁ፣ ሲሞላ ጎኑን በአውራ ጣት ትጫኑታላችሁ። ጣታችሁ ገባ ካለ አልሞላም። አንድ ጠዋት የሠራ ሰው እጁ ይለምደዋል።

ጥር ላይ ዋናው ውሃና ሣር ነው። ዙሪያውን ኮትኩቶ ደረቅ ሣር ማልበስ፣ ግንዱን ሳያስነኩ። ሣር የለበሰው እርጥበቱን ይዞ ይቆያል፣ ያልለበሰው በማግስቱ አቧራ ነው። እኛ ጥቂት ሠራተኞች ነን፣ ቦታው ደግሞ ተራራ ነው። አንድ ሰው አንድ ረድፍ ቢይዝልን ብዙ ያግዘናል።

---

የቡራዩ ልጅ

እናቴ፣ ይህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ስንቆፍር የከረምነው ጉድጓድ ለምን እንደሆነ እንኳ አልተነገረንም ነበር። እኔ እርስዎ ጋ መጥቼ መማር እፈልጋለሁ።

---

ጡረተኛው የሳይንስ መምህር

እኔ ደግሞ የእድሜን ነገር ላንሣ። ጉልበቴ አይታጠፍልኝም፣ ዳገት ያደክመኛል። የበጎ ፈቃድ ጥሪ ሁሉ «ወጣቶች» ብሎ ስለሚጀምር እኔን የማይመለከት አድርጌ እተወው ነበር። አንድ ቀን የልጅ ልጄን ይዤ ስገባ ከአንድ ትምህርት ቤት የመጡ ሕጻናት እንዶዱ ፊት ቆመው፣ የሚነግራቸው ሰው ጠፍቶ አየሁ። እነሱ ዘንድ ቁጥቋጦ ነው። እኔ ጠጋ ብዬ አያቶቻቸው ነጠላ ያጥቡበት እንደነበር፣ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸውን፣ ያ ቀንድ አውጣ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፍ መሆኑን ነገርኳቸው። በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር በስዊድን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ማግኘታቸውንም ጨመርኩ። ልጆቹ ቅጠሉን እያሻሹ «ይህቺ ናት?» ይሉኝ ጀመር። መምህራቸው ስልክ ቁጥሬን ተቀብላኝ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ጎብኚ ሲመጣ ዳማከሴውን፣ ጦስኙን፣ ጭቁኙን አሳያለሁ፤ ኮሶ ዛፍ መሆኑን ለማያውቁት ዛፉን አሳያለሁ። ስለ መናገሻ ሱባ ጫካ ለሚጠይቁኝ ደግሞ በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ከወፍ ዋሻ በመጣ የጽድ ዘር ተተክሏል የሚባለውን ታሪክ እነግራለሁ። ለአስተባባሪዎች የምለው ይህን ነው፦ ማስታወቂያችሁ ላይ ወንበር እንዳለ ጻፉ። ብዙ ጡረተኛ ቤት ተቀምጦ የሚያውቀውን የሚነግረው ሰው እየፈለገ ነው።

---

ከእንጦጦ ግርጌ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ወንበሩ ይጻፋል። አፋን ኦሮሞ የሚችሉ አስጎብኚዎችም በጣም ያስፈልጉናል። ከሱሉልታና ከቡራዩ የሚመጡት ልጆች ጽዱን ጋቲራ፣ ወይራውን ኤጀርሳ፣ ኮሶውን ሄጦ ብለው ነው የሚያውቁት፤ ሰሌዳው ላይ ያለው ግን የሳይንስ ስሙና አማርኛው ብቻ ነው።

---

ባለ ደብዳቤ

እኔን ያስቀረኝ ቢሮክራሲ ነው። ከጓደኞቼ ጋር አንድ ማዕከል ሄድን። ከመሥሪያ ቤት ወይም ከወረዳ ደብዳቤ አምጡ ተባልን። ወረዳ ስንሄድ ማዕከሉ መጀመሪያ ይጻፍልን አሉ። ሁለቱ መሀል ተመላልሰን ተውነው። አራት ሰው ችግኝ ሊያጠጣ ደብዳቤ የሚጠየቅበት ምክንያት እስካሁን አልገባኝም።

---

የእድር ጸሐፊ

ባለ ደብዳቤ፣ ንዴትህ ይገባኛል፤ ግን ምክንያት አለው። ጫካ ውስጥ እንጨት የሚቆርጥ፣ መሬት የሚያይ ሰውም «በጎ ፈቃደኛ ነኝ» ብሎ ይገባል፤ ጥበቃው የሚጠየቀው እሱ ነው። መፍትሔው በግለሰብ አለመሄድ ነው። የኛ እድር ማኅተም አለው፣ በስሙ አንድ ደብዳቤ ጻፍን፣ የአባላት ስም ዝርዝር አያያዝን፣ ለዓመት ሆነ። አዲስ ሰው ሲመጣ ዝርዝሩ ላይ መጨመር ብቻ ነው። እድር ከሌላችሁ የትምህርት ቤት የተፈጥሮ ክበብ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት፣ የመስጊድ ጀመዓ፣ የመሥሪያ ቤት ማኅበር ይሆናል። መታወቂያችሁንም ይዛችሁ ሂዱ።

---

ሁለት ልጆች ያሏት

ልጆቼን የምተውበት የለኝም። ይዤያቸው ልምጣ? ትልቁ ሰባት፣ ትንሿ አራት ዓመቷ ነው።

---

የመደብ እናት

ይዘሻቸው ነይ። ቱቦ ደርድሩ ስትያቸው ከትልቅ ሰው ይበልጥ ቀጥ አድርገው ይደረድራሉ። ኬሚካል የምንረጭበት ቀን ግን አታምጪያቸው፣ ቀደም ብለን እንነግርሻለን። ውሃ ገንዳው ጋ ብቻቸውን እንዳይሄዱ ዓይንሽን አትንቀዪ።

---

ዝምተኛው ዛፍ

መስማት የተሳነኝ ነኝ። ሁለት ቦታ ሄጄ መመሪያው ሁሉ በድምፅ ስለሆነ ሰው ሲሠራ አይቼ ተመለስኩ። ሥራው ቀላል እንደሆነ ዓይኔ ይናገራል፤ እንዲነገረኝ የምፈልገው የት ረድፍ እንደምጀምርና መቼ እንደምንመለስ ብቻ ነው። በስልክ ተጽፎ ቢላክ ይበቃኛል።

---

ከእንጦጦ ግርጌ

ይላካል። ለሁሉም ሰው በቴሌግራም ዓርብ ማታ በጽሑፍና በፎቶ ይላካል፦ የማን ረድፍ የት እንደሆነ፣ ምን እንደሚሠራ፣ ስንት ሰዓት እንደምንወርድ። ለአንተ ብዬ ብጀምረውም የሚያስፈልገው ለሁላችን ነው። ቡድናችን ውስጥ የምልክት ቋንቋ የምትማር ልጅ አለች፣ አገናኛችኋለሁ።

---

የሽሮ ሜዳው

እኔ ጋ ያለው የበዓል ጉዳይ ነው። እሁድ መሬት አይቆፈርም፣ በ12ም በ21ም እንደዚያው፣ እናቴ ፊት እጄ አፈር ነክቶ አልገባም። ቅዳሜ ደግሞ ሱቅ እከፍታለሁ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አፈር የማይነካ ሥራ አለ?

---

ባለ ሩቅ ማያ መነጽር

አለ! ወፍ እንቁጠር። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከ1966 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ ያለ ድርጅት ነው፣ ወፍ ማየት በዚህች ከተማ አዲስ ነገር አይደለም። መጽሐፍ ሳትይዝ የምትጀምረው በቁራው ነው። ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለው፣ መንቆሩ እንደ መጥረቢያ የወፈረው ቁራ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጪ ኗሪነቱ አይታወቅም፤ እኛ ግን በየቀኑ ቆሻሻ ገንዳ ላይ እያየነው እናልፋለን። የትኛው ወፍ የትኛው ዛፍ ላይ እንዳረፈ በየሳምንቱ ብንጽፍ፣ ባሕር ዛፉ ወጥቶ አገር በቀሉ በገባበት ቦታ ምን እንደተመለሰ ከጥቂት ዓመት በኋላ ማሳየት እንችላለን። ያንን የሚጽፍ ሰው የለም። የምዝገባ ደብተሩን እኔ አዘጋጃለሁ፣ በሩቅ ማያ መነጽሬም በተራ እናያለን።

---

የሽሮ ሜዳው

እኔ አለሁ።

---

ከእንጦጦ ግርጌ

ከሁላችሁ የሰማሁትን ይዤ ትናንት ከማዕከሉ ሰዎች ጋር ተነጋገርኩ። እስከ ሰኔ የምንሞክረው እንዲህ ነው። የዘንድሮ ክረምት ችግኝ ያለበት ተዳፋት በረድፍ ተከፍሏል። እያንዳንዱ ረድፍ ሁለት ሰው ይኖረዋል፣ አንዱ ሲቀር ሌላው እንዲያይለት። ስማችሁ ዝርዝር ላይ ይሰፍራል፣ ምን ያህሉ እንደጸደቀ በየወሩ የምትነግሩን እናንተ ናችሁ። የደረቀውንም ጻፉ፣ አትደብቁን፤ ክረምት ላይ የሚተካው በዚያ ነው። የሐምሌ ሕዝብ ሲመጣ ደግሞ የሚያሳዩት እነዚሁ ሰዎች ይሆናሉ፤ ለአስር ሰው አንድ አሳይ።

መሥሪያ ቤቶችን የምታስተባብሩ ካላችሁ አንድ ልመና አለኝ። በክረምት ሁለት አውቶቡስ ከምትልኩልን፣ አንዱን አውቶቡስ ለጥር አስቀሩት።

ቅዳሜ 2 ተኩል፣ ታክሲ መውረጃው ላይ። ቢጫ ጃኬት የለበሰችው የአስኮዋ ናት፣ እሷ እስክትቆጥረን ማንም ዳገቱን አይጀምርም።

---

የአስኮዋ

እስከ 2፡45 እንጠብቃለን። የምትዘገዩ ደውሉ፣ አንድ ሰው ወርዶ ይወስዳችኋል። ጓንት መግዛት አለብን?

---

የመደብ እናት

ጓንት እኛ ጋ አለ፣ ገንዘባችሁን አታውጡ። ጀሪካን ያለው ግን ያምጣ፣ ባለ 20 ሊትሩ ዳገት ላይ ይከብዳችኋል፣ ባለ 5ቱ ይሻላል። ክዳኑ የሚያፈስ እንዳይሆን እዩት።